ያልተበላሸችን መኪና ስለማቆም

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ተራ ከሚጠብቁት ሚኒባሶች መካከል መቁጠሪያቸው 400,000 ኪሎ ሜትር ያለፈው ጥቂት አይደሉም። ባለቤቶቻቸው ሲያሞግሷቸው የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፦ "አታስቸግርም።" ከዚህ በታች ያለው ምልልስ በአንድ ቀን ከተደረገ ጭውውት ቃል በቃል የተገለበጠ አይደለም። በሀድያና በከምባታ ከተሞች በመኪና ባለቤቶችና በመካኒኮች መካከል የሚመላለሰውን ክርክር ሁለት ተናጋሪዎች እንዲይዙት አድርጌ ያሰናዳሁት ነው። አንደኛዋ ከሆሳዕና አዲስ አበባ የምትሠራ የአንድ "አባዱላ" ባለንብረት ናት። ሌላው ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ላይ ያሳለፈ መካኒክ ነው። የእኔ ሐሳብ ወደ መካኒኩ ያደላል። ነገር ግን የባለንብረቷ መቃወሚያዎች በየጋራዡ እንደሚታሰበው ቀላል አይደሉም፤ በአንድ ሁለቱ እርሱም ሐሳቡን ማረም ይኖርበታል።

ባለንብረቷ፦ ጋሼ፣ በግልጽ ልናገር። ይህች መኪና ሰው መንገድ ላይ ጥላ አታውቅም። ዘይቷ በጊዜው ይቀየራል፣ ፊልትሮዋ ይቀየራል፣ ጎማ ሲያልቅ ይገዛላታል። ቦሎዋንም ያለ ጭቅጭቅ ነው የምታልፈው። አሁን እርስዎ አምስት ቀን አቁሚያትና ቺንጋውን፣ ራዲያተሩን፣ ፍሬኑን እንፍታው ይሉኛል። ያልታመመ ሰው ሆስፒታል ይተኛል?

መካኒኩ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ያ "አታስቸግርም" የምትዪው ነገር ነው። በየወሩ የምትበላሽ መኪና ሳይታወቅሽ ትታደሳለች፤ ዛሬ የውኃ ፖምፓ፣ ከሦስት ወር በኋላ ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ ራዲያተር። አንዱ ሲያረጅ ሌላው ገና አዲስ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይከዱሽም። ጠባየ መልካሟ ግን ቱቦውን፣ ቺንጋውን፣ የፍሬን ጎማውን፣ ሲሉን ሁሉ በአንድ ዕድሜ ይዛ ትጓዛለች። አብረው ሥራ የጀመሩ ዕቃዎች አብረው ያረጃሉ። ባለፉት ዓመታት ያላወጣሽው ገንዘብ ትርፍ ይመስልሻል፤ አብዛኛው ግን ገና ያልተጠየቅሽው ዕዳ ነው። ዕዳው መከፈሉ አይቀርም። እኔ የምከራከረው ቀኑን አንቺ ምረጪው ብዬ ነው፤ ካልመረጥሽው ወራቤና ቡታጅራ መካከል ያለ አንድ ዳገት ይመርጥልሻል፣ ያውም ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ። ቦሎውን በተመለከተ ደግሞ፣ መርማሪው ያን ዕለት ፍሬኑ መያዙን፣ መብራቱ መብራቱን፣ ጭሱንና መሪውን ያያል። የቺንጋ ሽፋን ፈትቶ ውስጡን የሚያይበት ጊዜም ሥልጣንም የለውም።

ባለንብረቷ፦ ይህ ለጆሮ ጥሩ ነው። ግን በመናኸሪያው ማንንም ሾፌር ቢጠይቁ፣ መኪና ጣጣዋ የሚጀምረው ጋራዥ ገብታ ከወጣች በኋላ ነው ይልዎታል። አንዱን ሊያዩ ሲገቡ ሌላውን ያላሉታል። ቡሎን ተርፎ የሚመለስበት፣ ሽቦ ተጎትቶ የሚበጠስበት ጊዜ ብዙ ነው። ደህና የነበረችውን መኪና ነክተው አበላሹብኝ የሚል ሰው ስንቱ ነው! ይህን ሁሉ ሰው ተሳስቷል ሊሉ ነው?

መካኒኩ፦ አልልም። እንዲያውም ለአንቺ ወገን የሚሆን ማስረጃ ልስጥሽ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለ ብሪታንያዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ የአገሩን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላኖች የብልሽት መዝገብ ይመረምር ነበር። አውሮፕላኖቹ በየ50 የበረራ ሰዓቱ መደበኛ ፍተሻ ይደረግላቸዋል። መዝገቡ ያሳየው ግን ብልሽት የሚበዛው ልክ ከፍተሻው ማግስት መሆኑንና ከዚያ በኋላ እየቀነሰ መሄዱን ነው፤ ፍተሻው ደህናውን ዕቃ ያናጋው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ስታንሊ ናውላንና ሃዋርድ ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት፣ ካጠኗቸው የአውሮፕላን ክፍሎች ውስጥ ዕድሜ ተቆርጦላቸው ቢቀየሩ የሚጠቅመው 11 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት 89 በመቶ በዕድሜ ምክንያት መፍታት ምንም አይፈይድላቸውም። ስለዚህ የሾፌሮቹ ወሬ ከንቱ አይደለም። መዝገብ የደገፈው ወሬ ነው።

ባለንብረቷ፦ እንግዲህ በራስዎ ላይ ፈረዱ።

መካኒኩ፦ ገና ነው፤ ጥያቄው እነዚያ 11 በመቶዎቹ ምን ዓይነት ዕቃዎች ናቸው የሚለው ነው። የሚፋተጉ፣ የሚበሉ፣ በድካም የሚበጠሱ፣ ሥራቸው ቀላልና አንድ ዓይነት የሆነ ነገሮች ናቸው። ኮምፒውተርና ውስብስብ መሣሪያ የሞላበት አውሮፕላን ውስጥ እነዚህ ጥቂት ናቸው። ስንት ሺህ ጊዜ የቆመችና የተነሣች ሚኒባስ ውስጥ ግን ብዙዎቹ ጣጣዎች ከጎማ፣ ከሸራ፣ ከቺንጋና ከፈሳሽ ነው የሚመጡት። ስለዚህ የመኪናሽን ዕቃ ሁለት ቦታ ከፍለን እንየው። አንደኛው ወገን ዕድሜው በኪሎ ሜትር ወይም በዓመት የሚታወቅ፣ ሲያልቅ ምልክት የማይሰጥ፣ ሲከዳም ሌላውን ይዞ የሚጠፋ ነው። ያንን ደህና ቢመስልም ቀኑ ሲደርስ እንቀይረዋለን። ሁለተኛው ወገን ከመክዳቱ በፊት የሚናገር ነው፤ ዳይናሞ፣ ኖዝል፣ ካምቢዮ፣ የሞተሩ ፒስተንና ፋሻ። እነዚህን እንከታተላለን እንጂ አንፈታም። በዚህ አካባቢ ከባድ ጥገና ሲባል ሰው ወዲያው ሞተር ማውረድን ነው የሚያስበው። ዘይት የማትበላ፣ ቀዝቃዛ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ የምትነሣ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሽ የማታወጣ መኪና ሞተሯ ሊወርድ አይገባም። ዕድሜዋ ደርሷል ብሎ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ካጋጠመሽ፣ እዚያ ላይ ሾፌሮችሽ ልክ ናቸው።

ባለንብረቷ፦ በዚህ ተስማማን። ሞተሩ እንደማይወርድ ቃል ከገቡልኝ ሌላውን እሰማለሁ። ቺንጋውን ይጀምሩልኝ፣ ከሁሉ የሚያስፈራራኝ እሱ ነው።

መካኒኩ፦ አባዱላ የምንላት ባለ ናፍጣ የቶዮታ ሃያስ፣ ሞተሯ 5ኤልም ይሁን 2ኬዲ፣ ካምሻፍቷን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ነው። ለ5ኤል የተቆረጠለት ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ2ኬዲ እንደ አገሩ ከ100,000 እስከ 150,000 ይባላል። አንዳንዶቹ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ-ቤልት" የሚል መብራት ያበራሉ፤ መብራቱ የሚያውቀው ግን የተጓዘችውን ርቀት ብቻ ነው፣ ቺንጋውን አያየውም። ሲበጠስ ምን ይሆናል ያልሽ እንደሆነ፣ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑና ቫልቩ የሚሠሩት በጣም በጠባብ ቦታ ስለሆነ ቫልቩ ክፍት እንደቆመ ፒስተኑ መጥቶ ይመታዋል። ቫልቮቹ ይጎብጣሉ፣ ቴስታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የአንድ ቺንጋ ጉዳይ የነበረው የሁለትና የሦስት ሳምንት ሥራ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁሉም መኪና አንድ አለመሆኑን ልብ በዪ። በዘጠናዎቹ እ.ኤ.አ. የወጡት ባለ 4ኤ ሞተር ኮሮላዎች ቺንጋቸው ቢበጠስ ቆመው ይጎተታሉ እንጂ ቫልቫቸው አይጎብጥም። ከዚያ በኋላ የመጡት ቪትዝና ያሪስ አብዛኞቹ በሰንሰለት ነው የሚሠሩት፤ ሰንሰለት ደግሞ ሊያልቅ ሲል ጠዋት ጠዋት ያንኳኳል። የጎረቤትሽ ባለ ቪትዝ "እኔ ቺንጋ ቀይሬ አላውቅም" ቢልሽ አልዋሸም፤ ለአንቺ ግን ምክር አይሆንም። በተረፈ ሒሳቡን አንቺው ሥሪው፤ ሆሳዕና አዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። በሳምንት ስድስት ጉዞ ብታደርግ 1,380 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ 100,000ው በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ያልቃል። የቤት መኪና አሥር ዓመት የሚወስድባትን አንቺ ሁለት መስቀል ሳታከብሪ ትጨርሺዋለሽ።

ባለንብረቷ፦ 100,000 ከየት ተነሥቶ ነው የሚቆጠረው? መኪናዋ ከውጭ የገባችው አገልግላ ነው። መቁጠሪያው ተመልሶ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው። የቀድሞው ባለቤት ምን እንደቀየረ የጻፈው ወረቀት የለም። በማይታመን ቁጥር ላይ ዕቅድ ማቆም አሸዋ ላይ ቤት እንደመሥራት አይሆንም?

መካኒኩ፦ ለዚህ መልሱ የድሮውን ቁጥር መርሳት ነው። ታሪኩ ያልታወቀ ዕቃ እንዳረጀ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ከነቴንሽነሩና ከፊት ሲሉ ጋር ቺንጋው ይቀየራል፤ የፍሬንና የማቀዝቀዣ ፈሳሹ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቱ አብሮ ይቀየራል። ያ ቀን በደብተር ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ መቁጠሪያው ባለፈው ዘመኑ ዋሽቶም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጥረው እውነት ነው። ለዚህ ደብተሩ ከሁሉም ዕቃ ይረክሳል፤ ሆኖም በየመኪናው ኪስ ውስጥ የምታገኚው ሊብሬና የትራፊክ ቅጣት ደረሰኝ ነው።

ባለንብረቷ፦ ማቀዝቀዣ ያሉት ይግባኝ። እኛ ውኃ ነው የምንሞላው። ሆሳዕና ብርድ አገር ነው፣ አንጋጫና ዶዮገና ደግሞ ይብሳል። አፋር በረሃ የምትሠራ መኪና አይደለችም፤ ምን ያፈላታል?

መካኒኩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከፍታው ነው የሚያፈላት። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ሞተሩ ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚህ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ስፕሪንጉ ደህና ከሆነና ላስቲኩ ካልደረቀ ውስጡ ያለውን ግፊት ጠብቆ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ያችን ትንሽ ክዳን ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ ከመኪናዋ ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዷ ናት። ክዳኑ ላልቶ፣ ራዲያተሩ በዝገትና በውኃ ጨው ግማሹ ተደፍኖ፣ አሥራ አራት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ነው የሚፈላው። ሾፌሩ ይቆማል፣ ውኃ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሲሆን የቴስታው ጋርኒሲዮን ይበላል፣ ወይም ቴስታው ራሱ ይጣመማል። ከዚያ ሞተር ወረደ ይባላል፤ መጀመሪያ የወረደው ግን የክዳኑ ላስቲክ ነበር። ኩላንት የምልሽ ለብርዱ አይደለም። ዝገት ስለሚከላከልና የመፍያውን ነጥብ ይበልጥ ስለሚያሳድገው ነው። ሌላም ነገር አለ። መኪና ስታፈላ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በአገራችን የተለመደ መፍትሔ ነው። ለቀን ያገለግል ይሆናል። በዶዮገና ብርድ ግን ሞተሩ የሥራ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩና ፋሻው ይፋተጋሉ። የአንቺን ራዲያተር ስንፈታ መጀመሪያ የማየው ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ነው።

ባለንብረቷ፦ ፍሬኑስ? ሸራው በቅርብ ነው የተቀየረው።

መካኒኩ፦ ሸራውን ሁሉም ይቀይራል፤ ፈሳሹን የሚቀይር ግን ጥቂት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ የእኛ ክረምት ደግሞ እርጥበቱን ታውቂዋለሽ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከዱራሜ ወደ ሀላባ ቁሊቶ፣ ወይም ከጊምቢቹ ወደ ኦሞ ሸለቆ ስትወርጂ ሾፌሩ ማርሽ ሳይጠቀም በፍሬን ብቻ ከያዛት ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ፈሳሹ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል። ሸራው ያኔም አዲስ ነው፤ ቦሎውም ተለጥፏል። ይህን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው፤ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም፣ ስለዚህ አናስረዝመው።

ባለንብረቷ፦ እሺ፣ አሁን ወደ ገንዘቡ ይምጡ። እዚህ አገር መኪና እንዴት እንደሚገዛ ያውቃሉ። ከደቡብ አፍሪካ ወንድም ይልካል፣ ወይ ዕቁብ ይወጣል፣ ወይ መሬት ይሸጣል። ገንዘቡ በአንድ ቀን ይመጣል፣ በአንድ ቀን መኪና ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚገባው የየቀኑ ሂሳብ ነው፤ እሱም ለቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለለቅሶና ለሠርግ ይሄዳል። ለጥገና ተብሎ የሚላክ ገንዘብ የለም። ወንድሜን ደውዬ "መኪናዋ ደህና ናት፣ ግን ገንዘብ ላክ" ልበለው? ሲበላሽ ቢሆን ይገባዋል።

መካኒኩ፦ ችግሩን ከኔ በተሻለ አስቀመጥሽው። ከሀድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደደው ወጣት የሚልከው ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚመጣ ስለሆነ ለመግዛት ይመቻል፣ ለመንከባከብ ግን አይመችም። ስለዚህ የጥገናው ገንዘብ መምጣት ያለበት መኪናዋ ከምትሄድበት መንገድ ነው። ለምሳሌ ያህል በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚደርሱት ከባድ ሥራዎች በድምሩ 120,000 ብር ይፈጃሉ ልበል። ለኪሎ ሜትር ሲካፈል 1 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። አንድ ጉዞ ጨርሳ በተራገፈች ቁጥር 276 ብር ለብቻው ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። የሚያስደነግጠው 120,000ው በአንድ ማክሰኞ ሲጠየቅ ነው። አንቺ ዕቁብ የምታውቂ ሰው ነሽ፤ ይህ መኪናዋ ራሷ የምትጥለው ዕጣ ነው።

ባለንብረቷ፦ ሲናገሩት ይቀላል። ግን ብር ተቀምጦ ብር ሆኖ ይቆያል? ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። በሰኔ ለራዲያተር ያስቀመጥሁት ገንዘብ በመስከረም ግማሽ ራዲያተር ቢሆንብኝስ?

መካኒኩ፦ ይህ መቃወሚያ ዕቅዱን ያሻሽለዋል፤ እኔ በብር ብቻ ነበር ያሰብሁት። እንግዲያው ብሩ ሲጠራቀም በየደረጃው ዕቃ ይገዛበት። መጀመሪያ ቺንጋውና ቴንሽነሩ፣ ቀጥሎ ክዳኑ፣ ቴርሞስታቱና ቱቦዎቹ፣ ኋላ የፍሪሲዮኑ ዕቃ። የታሸገ ቺንጋ ከፀሐይና ከዘይት ርቆ በደረቅ ቦታ ለአንድ ሁለት ዓመት ምንም አይሆንም። አስቀድሞ መግዛት ሌላም ጥቅም አለው። መኪናዋ ተፈትታ ቆማ ዕቃ የሚፈልግ ሰው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ደርሶ ያገኘውን ይዞ ይመጣል፤ አስመስሎ የተሠራ ይሁን እውነተኛ ለማመሳከር ፋታ የለውም። ሳትቸኩል የምትገዢ ግን አሮጌውን ዕቃ ይዘሽ ቁጥሩን ታመሳክሪያለሽ፣ ዋጋውን ከቶዮታ አስመጪው ከሞኤንኮ ጋር ታነጻጽሪያለሽ፣ ካልተመቸሽም ትመለሻለሽ።

ባለንብረቷ፦ እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሸጬ ብገላገል እላለሁ። 400,000 ያለፈች መኪና ላይ ገንዘብ ማፍሰስ... ደግሞ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው ይሉናል።

መካኒኩ፦ ሸጠሽ ምን ትገዢያለሽ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የአንቺን የምትተካ መኪና በቅርብ የምትገኘው ሌላ ሰው "አታስቸግርም" ብሎ የሚሸጥልሽ፣ ታሪኳን የማታውቂው ሌላ 400,000 የሄደች ናት። ያንቺን ቢያንስ ታውቂያታለሽ። ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ የተባለ የተሰሎንቄ ባለ ታክሲ በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራች መርሴዲስ 240ዲ ያገለገለች ሆና፣ 220,000 ኪሎ ሜትር ሄዳ ነው የገዛት። በ2004 እ.ኤ.አ. ለፋብሪካው ሙዚየም ሲያስረክባት 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዳ ነበር። ሦስት ሞተሮች ነበሩት፤ እያፈራረቀ 11 ጊዜ ቀይሯቸዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠገናል ማለት ነው። መኪናዋ ተአምር ስለነበረች ነው የሚል አለ። እኔ ግን ተለዋጩን ሞተር ሳይቸግረው ማዘጋጀቱን ነው የማየው።

ባለንብረቷ፦ ሦስት ሞተር ይቅርብኝና ቀኑን እንምረጥ። ክረምት ይሻላል፤ ሐምሌ ገበያው ቀዝቃዛ ነው።

መካኒኩ፦ እኔም ሐምሌን ነበር የማስበው።

ባለንብረቷ፦ ጋራዦቻችንን ያስቡዋ! ግማሹ ጣሪያ የሌለው ግቢ ነው። በዝናብና በጭቃ መሐል የተከፈተ ሞተር? ደግሞ ከሐምሌ በኋላ መስከረም ሲመጣ የሀድያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ በዓል ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሁሉ መኪና ይፈልጋል። አንድ ዕቃ ቢጎድል መስቀሉ ያልፈኛል።

መካኒኩ፦ ትክክል ነሽ፤ ሐምሌን ተይው። እንዲያውም ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈል። ፍሬኑ፣ ጎማውና የዝናብ መጥረጊያው ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ይሠራል፤ ጭቃና ዝናብ የሚፈልገው እነሱን ነው፣ የተከፈተ ሞተርም የለበትም። ቺንጋውና ማቀዝቀዣው ኅዳር ላይ ይሁን። መሬቱ ይደርቃል፣ ገበሬው አዝመራ ላይ ስለሚሆን ተሳፋሪ ይሳሳል፣ የመስቀል ገንዘብም ገና እጅሽ ላይ ነው። ገና ከመድረሱ በፊት ተፈትና ትወጣለች። ከሥራው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ረዥም መንገድ አትላኪያት። ወራቤ ወይም ዱራሜ ደርሳ ትመለስ፤ ላልቶ የቀረ ቡሎን ካለ ቅርብ ሆኖ ይታይ። የዋዲንግተንን መዝገብ አትርሺ።

ባለንብረቷ፦ ይህን ሁሉ እኔና እርስዎ ተስማማን። መኪናዋን የሚይዘው ግን ሾፌሩ ነው። እርስዎ "ከመክዳቱ በፊት የሚናገር" ያሉትን ድምፅ የሚሰማው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሰምቶ ግን አይነግረኝም።

መካኒኩ፦ ለምን ይነግርሻል? የቀኑን ሂሳብ ቆርጦ ነው የሚሰጥሽ፤ የተረፈው የእሱ ነው። መኪናዋ ስትቆም አንቺ ሂሳብ ታጫለሽ፣ እሱ እንጀራውን ያጣል። ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ለእሱ ሦስት ቀን ያለ ገቢ ማደር ነው። ዝም ብሎ መንዳት ግን ምንም አያስከፍለውም። ጥሩ ሾፌሮች ሳይቀሩ ዝም የሚሉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ውሉ ዝም በሉ ስለሚላቸው ነው። ስለዚህ በዕቅድ ለቆመችበት ቀን ለሾፌሩ መከፈል አለበት።

ባለንብረቷ፦ ገቢ ሳላገኝ?

መካኒኩ፦ ገቢ ሳታገኚ። ድንገት ተበላሽታ ስትቆም ግን አይከፈለውም። ልዩነቱን ያን ጊዜ ራሱ ያሰላዋል፤ ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተትም ጠዋት ደውሎ ይነግርሻል።

ባለንብረቷ፦ ረዳቱስ?

መካኒኩ፦ እሱም። በ100,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ በዕቅድ የምትቆመው በጠቅላላ 10 ቀን ቢሆንና ለሁለቱ በቀን 2,000 ብር ብታስቢ 20,000 ይሆናል።

ባለንብረቷ፦ እንግዲያው በኪሎ ሜትር የማስቀምጠው 1 ብር ከ20 አይደለም።

መካኒኩ፦ 1 ብር ከ40 በዪው፤ በእያንዳንዱ ጉዞ 322 ብር።